«ፒክ አፕ» መቼ ማንሳት፣ መቼ መያዝ፣ መቼ መቃረም ይሆናል?

ጥያቄውን የላከችው ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ በጸሐፊነት በቅርቡ ሥራ የጀመረች እህት ናት። የውጭ አገር ሰው የሆነው ሥራ አስኪያጇ በስልክ የላከላትን አጭር መልእክት አያይዛለች። በፊደላችን ሲጻፍ እንዲህ ይነበባል፦ «ፕሊዝ ፒክ አፕ ዘ ቪዚተርስ ፍሮም ዘ ኤርፖርት። ፒክ አፕ ሰም ዋተር ኦን ዘ ዌይ። ኦርደርስ አር ፒኪንግ አፕ፣ ሶ ዜይ ዊል ቢ ሃፒ። አይ ፒክት አፕ ኤ ኮልድ፣ ሶ ዊል ፒክ ዚስ አፕ ኦን መንደይ።» እሷ የምታውቀው «ፒክ አፕ» ማለት «አነሳ» መሆኑን ብቻ ነበር። መዝገበ ቃላት ስትከፍት ደግሞ ገጹ በቁጥር በተደረደሩ ትርጉሞች ተሞልቶ አገኘችው። «ሁሉንም መሸምደድ አለብኝ? አንድ ቃልስ ይህን ሁሉ እንዴት ይሸከማል? ‹ፒክ› ብቻውን ሲመጣስ ከ‹ፒክ አፕ› በምን ይለያል?» ትላለች።

አብሽሪ እህቴ። መሸምደድ የለብሽም። እንዲያውም ብዙ ተማሪዎችን ከእንግሊዝኛ ያራቀው ይህ ሽምደዳ ነው ብዬ አምናለሁ። ቃሉን በግራ፣ ሃያ ትርጉም በቀኝ አስፍሮ ማጥናት ለፈተና ዋዜማ እንጂ ለሥራ አይሆንም። «ፒክ አፕ»ን ብቻውን ለመተርጎም አትሞክሪ። መጀመሪያ «ምንን?» ብለሽ ጠይቂ። ከጎኑ የተቀመጠው ነገር እንግዳ ነው፣ ውሃ ነው፣ ጉንፋን ነው፣ ወይስ ምንም የለም? ትርጉሙን የሚሰጥሽ እሱ ነው።

የቃሉ ሥር ቀላል ነው። «ፒክ» በጣት ወይም በመንቁር ለቀም ማድረግ ነው፤ «አፕ» ደግሞ ወደ ላይ። ሁለቱ ሲገናኙ መሬት ላይ የነበረ ነገር እጅ ገባ ማለት ነው። ከዚህ ተነስቶ በሁለት አቅጣጫ ተዘርግቷል። አንዱ «እጅ መግባት»ን ይዞ ይሄዳል፤ ዕቃም፣ ሰውም፣ ቋንቋም፣ በሽታም፣ ድምፅም «እጅ ይገባል»። ሌላው «ወደ ላይ»ን ይዞ ይሄዳል፤ ገበያ፣ ፍጥነት፣ ነፋስ፣ ጤና ከነበሩበት ከፍ ይላሉ። ከሁለቱ መሀል ደግሞ አስቀምጠነው የነበረውን ነገር መልሶ ማንሳት አለ፤ ያቋረጡትን ወሬ፣ የተዉትን ሥራ። መዝገበ ቃላቱ በቁጥር የከፋፈላቸው ትርጉሞች አብዛኞቹ ከእነዚህ ወደ አንዱ ይመለሳሉ።

አሁን ወደ መልእክትሽ እንምጣ።

እንግዶቹን «ፒክ አፕ» አድርጊ ሲልሽ ሄደሽ፣ ተቀብለሽ፣ መኪና ላይ አሳፍረሽ አምጪ ማለቱ ነው። መቀበል ብቻ ቢሆን ኖሮ «ሚት» ይበቃው ነበር። አየር ማረፊያው በር ላይ ቆመሽ እጅ ነስተሽ «እንኳን ደህና መጣችሁ» ብለሽ ብትመለሺ እንግዶቹን «ሚት» አድርገሻቸዋል፤ «ፒክ አፕ» ግን አላደረግሻቸውም። ስለዚህ ይህን ቃል ባየሽ ቁጥር «መኪናው የቱ ነው? ሹፌሩስ?» ብለሽ አስቢ። ተቃራኒው «ድሮፕ ኦፍ» ነው፣ ወስዶ ማውረድ። ደሴ ላይ ልጆችን ጠዋት ከየቤታቸው ለቅሞ ትምህርት ቤት የሚያወርድ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ የሚሠራው እነዚህን ሁለት ነገሮች ነው።

«ፒክ አፕ ሰም ዋተር» ደግሞ «ስትመጪ ውሃ ይዘሽ ነይ» ነው። ግዢ የሚለው ቃል የለበትም፤ ግን መግዛት አለበት። ይህ አነጋገር ለቀላልና መንገድ ላይ ለሚገኝ ነገር የሚሆን ነው፤ ዳቦ፣ ጋዜጣ፣ መድኃኒት። ቦታ ወይም ቤት ስለገዛ ሰው እንዲህ ቢባል ነገሩን በጣም ማቅለል ይሆናል። ቀድሞ የተሰጠ ዕቃ መቀበልም በዚሁ ይገባል፦ ልብስ ሰፊው ጨርሶልሽ እንደሆነ፣ ላውንድሪ የሰጠሽው ካለ፣ ከፖስታ ቤት የምትቀበይው ጥቅል ካለ ሁሉንም «ፒክ አፕ» ታደርጊያለሽ።

ሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የአማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ። «ኦርደርስ አር ፒኪንግ አፕ» የሚለውን «ትዕዛዞች እያነሱ ነው» ብለሽ እንደተረዳሽው ጽፈሻል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለሒሳብ ክፍሉ ባልደረባሽ በጽሑፍ ብታስተላልፊው ምን ብሎ ያነበዋል? ትዕዛዝ እየቀነሰ ነው ብሎ ነዋ። «እያነሱ» ላይ «ሱ»ን ካጠበቅሽው ማንሳት ነው፤ «ነ»ን ካጠበቅሽው ማነስ ነው። ድሮ የማንሳቱ በንጉሡ «ሡ» ይጻፍ ስለነበር በዓይን ይለይ ነበር፤ አሁን ሁለቱም በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፣ የሚለያቸው ድምፅ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጅሽ ያለው ግን የማነስ ተቃራኒ ነው፦ ቀዝቅዞ የነበረው ትዕዛዝ እየተሟሟቀ መጥቷል። እዚህ ላይ «ምንን?» ብለሽ ብትጠይቂ መልስ አታገኚም፤ ትዕዛዙ ምንንም አያነሳም። ተሳቢ የሌለው «ፒክ አፕ» ባለቤቱ ገበያ፣ ሽያጭ፣ ነፋስ፣ ጤና የመሰለ ነገር ሲሆን ትርጉሙ መጨመር፣ መሻሻል፣ ማንሰራራት ነው። ገበያ ከሆነ «ተሟሟቀ» ወይም «አንሰራራ»፣ ነፋስ ከሆነ «በረታ»፣ ታማሚ ከሆነ «ቀና አለ» ወይም «ተሻለው» በይው። ልብ በይ፣ ዝም ብሎ መጨመር አይደለም። ቀድሞ የወደቀ ወይም የቀዘቀዘ ነገር እንደነበረ ቃሉ በውስጡ ይናገራል። ዓመቱን ሙሉ ደርቶ የኖረ ገበያ «ፒክ አፕ» አያደርግም።

ፍጥነት ሲሆን ሁለቱ አቅጣጫዎች ይገናኛሉ። ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ የጭነት መኪና በዚያ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁለት ላይ ሹፌሩ ማርሹን ካላከበደ «ኢት ፒክስ አፕ ስፒድ»፣ ፍጥነት እየጨመረ ይሄዳል። ፍጥነቱ ተሳቢ ሆኗል፤ መኪናው እንደ ዕቃ ያገኘዋል፤ መለኪያውም ወደ ላይ ይወጣል።

«አይ ፒክት አፕ ኤ ኮልድ» ጉንፋን ይዞኛል ነው። እዚህ ችግሩ ቃሉ ላይ አይደለም፤ ማን ማንን እንደያዘ ላይ ነው። በእኛ አነጋገር በሽታው ነው ሰውን የሚይዘው፦ ጉንፋን ያዘኝ፣ ወባ ያዘው፣ ሳል ጀመራት። ሰውየው ተያዥ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ሰውየው ባለቤት ሆኖ በሽታውን ይለቅማል። ስለዚህ ጉንፋኑን ባለቤት አድርገሽ «ኤ ኮልድ ፒክት ሚ አፕ» ብትዪ ሰሚው ጉንፋን መኪና ይዞ መጥቶ እንደወሰደሽ ነው የሚገባው። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ስትሄጂ ባለቤቱንና ተሳቢውን ገልብጪ። ይህ ግልበጣ ለልማድም ይሠራል፦ እኛ «መጥፎ ጠባይ ተጠናወተው» እንላለን፣ ጠባዩ ነው ሰውየው ላይ የሚወጣው፤ እነሱ ግን ሰውየው ጠባዩን «ፒክ አፕ» አደረገ ይላሉ። ቃሉ ሌላም ፍንጭ ይሰጣል፦ በሽታው ከሆነ ቦታ ወይም ከሆነ ሰው የመጣ፣ ሳይታሰብ የተገኘ ነው። ከጊዜ ብዛት ስለሚመጣ ሕመም፣ ለምሳሌ ስለ ደም ግፊት፣ ማንም እንዲህ አይልም።

የመጨረሻው «ዊል ፒክ ዚስ አፕ ኦን መንደይ» ነው። «ጉዳዩ ሰኞ ይነሳል ማለት ይሆን? ይሰረዝ ይሆን?» ብለሽ መስጋትሽ ተገቢ ነው፤ በአማርኛ እገዳ ይነሳል፣ ሹም ከሥልጣን ይነሳል፣ መነሳት መወገድም ይሆናልና። እንግሊዝኛው ግን እንዲህ ያለ ትርጉም የለውም። «ከቆምንበት ሰኞ እንቀጥላለን» ነው የሚልሽ። ለማስወገድ ቢፈልግ «ድሮፕ» ይል ነበር፣ ትቶታል ማለት ነው። «ጥያቄ አነሳ» የምንለውም በእንግሊዝኛ «ሬዝ» እንጂ «ፒክ አፕ» አይደለም፤ «ፎቶ አነሳ» ደግሞ «ቴክ» ነው። «አነሳ» እና «ፒክ አፕ» ብዙ ቦታ አብረው ይሄዳሉ፤ ስልክ ማንሳት ላይ ፍጹም አንድ ናቸው። ሰው የሚሳሳተው ይህን ስምምነት አይቶ ሁሉም ቦታ አንድ ናቸው ሲል ነው።

ስልኩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «ሺ ኢዝንት ፒኪንግ አፕ» ሲባል ተሳቢ የለም፣ ነገር ግን ስለ መሻሻል አይደለም፤ «ስልክ አታነሳም» ነው። ባለቤቱ ሰው ሆኖ ተሳቢ ከሌለ መጀመሪያ ስልክን አስቢ።

መልእክትሽ ውስጥ ያልመጣ፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው ትርጉም ቋንቋን የሚመለከተው ነው። ባቲ ሰኞ ገበያ ሄደሽ ታውቂ ይሆናል። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይመጣል፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባው ከየአቅጣጫው ይሰበሰባል። እናቱ አጠገብ ቁጭ ብሎ ያደገ የነጋዴ ልጅ ዋጋ ሲከራከር በአማርኛ ይጀምርና በኦሮምኛ ይቀጥላል፣ ከአፋሩ ጋር ደግሞ በአፋርኛ ይጨርሳል። መምህር አልቆመለትም፣ ደብተር አልገዛም። ይህንን ነው እንግሊዝኛ «ሂ ፒክት አፕ አፋር ኢን ዘ ማርኬት» የሚለው። «ለርንድ» ቢባል እንዴት እንደተማረ አይገልጽም፤ «ስተዲድ» ቢባል ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ መጽሐፍ ገልጦ ነው። «ፒክት አፕ» ግን አጨዳ ካለቀ በኋላ ማሳ ላይ የወዳደቀውን ዘለላ እየለቀሙ ቁና እንደሚሞሉ ቃራሚዎች፣ ከዚህም ከዚያም እየሰበሰቡ ባለቤት መሆን ነው። ለዚህ «ቃረመ» የሚለው የራሳችን ቃል ልክክ ይላል፦ ቋንቋ ቃረመ፣ ወሬ ቃረመ፣ ሙያ ቃረመ። በእኔ ግምት «ተማረ» ብሎ ከመተርጎም ይህ እጅግ ይሻላል።

ከዚህ የሚከተል ለሥራ የሚጠቅም ነገር አለ። የሥራ ማመልከቻ ላይ ዩኒቨርሲቲ የተማርሽውን ትምህርት «ፒክት አፕ» ብለሽ አትጻፊ፤ ዓመታት የደከምሽበትን እንዳጋጣሚ የተገኘ ያስመስለዋል። ከፋብሪካው ቻይናውያን ወይም ህንዳውያን ባልደረቦችሽ ጋር ስትሠሪ ያወቅሽው ጥቂት ቻይንኛ ወይም ህንድኛ ካለ ግን እሱን «ፒክት አፕ» ማለት ትክክልም ነው፣ ሲሰማም ያምራል።

መሣሪያዎችም ይለቅማሉ። ሬዲዮ ጣቢያ ሲይዝ፣ ስልክ ኔትወርክ ሲያገኝ፣ ማይክሮፎን የሩቅ ድምፅ ሲስብ «ፒክ አፕ» ነው፤ እኛ ለሁሉም «ያዘ» እንላለን። ደሴ ሰርግ ላይ አምባሰልና ባቲ ቅኝት የሚጫወተውን ጊታሪስት ጠይቂው፤ ከክሮቹ ሥር ያለችውን ነገር «ፒክአፕ» ይላታል። ማግኔትና በላዩ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ናት። የብረቱ ክር ሲርገበገብ መግነጢሳዊ መስኩን ያንቀሳቅሰዋል፣ በሽቦው ውስጥም በጣም አነስተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል፤ እሱ ተጉዞ በማጉያው ይጎላል። ስሟ የመጣው ንዝረቱን ከክሩ ላይ ስለምትለቅም ነው።

ሁላችንም የምናውቃት ፒካፕ መኪናም የዚህ ቤተሰብ ናት። ከኋላ ክፍት ሳጥን አላት፣ ዕቃም ሰውም ታነሳለች። ፎርድ በዚህ ስም የሚጠራ መኪና ከፋብሪካ አውጥቶ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር። መቼም አጋጣሚ ነው፤ እንዲህ ያሉትን ጥንድ ግሦች ዛሬ የምንጠራበት «ፍሬዛል ቨርብ» የሚል ስያሜም በሎጋን ፒርሳል ስሚዝ መጽሐፍ ታትሞ የወጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ስሚዝ ስሙን ያገኘሁት ከመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ከሄንሪ ብራድሊ ነው ይላል። ስም ሲሆን አጥብቀሽ የምትጠሪው «ፒክ»ን ነው፤ ግስ ሲሆን ደግሞ «አፕ» ላይ ጫን ትያለሽ። መኪናዋን «ፒካፕ» ስንል ሁለቱን ገጥመን እንደ አንድ ቃል እንደምንጠራው ማለት ነው፤ «አንሺው» ለማለት ግን «ፒክ ኢት አፕ» ስትዪ መጨረሻው ይጎላል።

ይህ «ፒክ ኢት አፕ» ያልኩት የአገባብ ሕግም አለበት፤ የእንግሊዝኛ ፈተና አውጪዎች በጣም ይወዱታል። ተሳቢው ስም ከሆነ ከኋላም ከመሀልም ይገባል፦ «ፒክ አፕ ዘ ቪዚተርስ» ወይም «ፒክ ዘ ቪዚተርስ አፕ»። ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ ግን የግድ መሀል ነው የሚገባው፦ «ፒክ ዜም አፕ»። «ፒክ አፕ ዜም» ስህተት ነው። ለሥራ አስኪያጅሽ «እሺ፣ አመጣቸዋለሁ» ብለሽ ስትመልሺ «አይል ፒክ ዜም አፕ» ብለሽ ጻፊ።

ሰው ተሳቢ በሆነበት ቦታ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፖሊስ ሰውን «ፒክ አፕ» አደረገ ከተባለ ያዘው፣ ወሰደው ማለት ነው፤ በእኛም «ለቀሟቸው» ይባላል። ሌላው በመዝናኛ ቦታ የማያውቁትን ሰው ለፍቅር ቀርቦ ይዞ መሄድ ነው፤ የደሴ ወጣት «ጠበሳ» የሚለው ለዚህ ቅርብ ነው። ስለዚህ አንድ ወንድ «አይ ፒክት አፕ ኤ ገርል» ብሎ ቢያቆም ሰሚው ወደዚያ ሊወስደው ይችላል። የት ሄዶ፣ ማንን እንዳመጣ ከተናገረ ግን ጥርጣሬው ይጠፋል፦ «አይ ፒክት ማይ ሲስተር አፕ ፍሮም ዘ ባስ ስቴሽን»፣ እህቴን ከመናኸሪያ ይዣት መጣሁ። ፊርማሽ ያለበት የቢሮ ጽሑፍ ላይ ቦታውንና ማንነቱን መግለጽ ልማድ ይሁንሽ።

ሂሳብ ሲሆን «ፒክ አፕ ዘ ቢል» ነው፣ ሂሳቡን ከፈለ። ምሳ ላይ ብቻ አይደለም፤ የሥልጠናውን ወጪ ድርጅቱ ይሸፍናል ለማለትም ይሠራል። ከ«አፕ» በኋላ «ኦን» ከተጨመረ ደግሞ ያልተነገረን ነገር መረዳት ነው። ሥራ አስኪያጁ ዛሬ ከፍቶታል፣ አልተናገረም፣ አንቺ ግን ከአኳኋኑ ነቃሽበት፤ «ፒክት አፕ ኦን ኢት» ማለት ይህ ነው። እዚህ ላይ ተውላጠ ስሙ ወደ መሀል አይገባም፣ መጨረሻ ላይ ይቀራል።

አንድ ቃል እንዴት ይህን ሁሉ ይሸከማል ላልሽው፣ ግርታው የአንቺ ብቻ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት መቅድም ላይ፣ ግስን ከትንሽ ቃል ጋር እያጣመሩ ትርጉሙን መለወጥ ለውጭ ሰዎች ከሁሉ የከፋ ችግር እንደሚፈጥር ጽፏል። በእኛም ቤት አለ። «ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ዝም አለ፣ ቀጥ አለ» ስንል ምን ያለ፣ ምን የተናገረ አለ? ዝም ያለው ሰውዬማ ጭራሽ አልተናገረም። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «አለ» ማለት መናገር ነው ብሎ ከያዘ እዚህ ጋ ይቆማል። አንቺ «ብድግ አለ»ን ሸምድደሽ አላወቅሽውም፤ ሰው ሲነሳ እያየሽ፣ ከነገሩ ጋር ሰማሽው። እንግሊዝኛውንም እንዲሁ ያዢው። የሥራ አስኪያጅሽን መልእክቶች አትሰርዢ፣ «ፒክ አፕ» የመጣባቸውን ደብተርሽ ላይ ከነሙሉ ዓረፍተ ነገራቸው ገልብጪና ከሥራቸው አንቺ በአማርኛ እንዴት እንደምትዪው ጻፊ። ቃሉን ብቻውን አትጻፊው፤ ከእንግዳው፣ ከጉንፋኑ፣ ከገበያው ጋር ይጻፍ።

የቀረው «ፒክ» ብቻውን ነው። «አፕ» ሲቀር በብዛት መምረጥ ይሆናል፣ ወይም ደግሞ ቡናና ጥጥ መልቀም፣ አበባ መቅጠፍ። በአንቺ ሥራ ላይ ልዩነቱ ይታያል። «ፒክ ኤ ፋብሪክ» ካለሽ ናሙናዎቹን ዘርግተሽ አንዱን ጨርቅ ምረጪ ማለት ነው፤ ውሳኔው የአንቺ ነው። «ፒክ አፕ ዘ ፋብሪክ» ካለሽ ግን ጨርቁ ተመርጦ፣ ተቆርጦ አልቋል፤ ወደ መጋዘን ሄደሽ ፈርመሽ ታመጪዋለሽ።